ሎቢውን አልፋችሁ ግቡ፦ ነርሲንግ ሆም ለሚመርጡ የወሎ ልጆች

ለግሸን ወይም ለመውሊድ ከውጭ የሚመጣ የወሎ ልጅ ደሴ ላይ ሲያገኘኝ መጀመሪያ ስለ ምንዛሪና ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ሰዉ ሲበተን ነው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው። «እትዬ፣ እርስዎ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም ሲሠሩ ኖረዋል። እማዬን ባስገባት ምን ይመስልዎታል?»

ድምፁን ያስቀነሰው ይሉኝታ ነው። ቅሬው (ዕድሩ) ምን ይላል? «ልጅ እያላት መጦሪያ ቤት ጣላት» ቢሉኝስ? አልፈርድበትም፤ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ግን ይህ ይሉኝታ እናትየዋን ራሷን ሲጎዳ ብዙ አይቻለሁ። ሰው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ቀን አያነሳም። ከዚያ እናት ትወድቃለች፣ ዳሌዋ ይሰበራል፣ ሆስፒታል ትገባለች። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሶሻል ወርከሯ የቤቶች ስም የተደረደረበት ወረቀት ይዛ ትመጣና «ነገ ትወጣለች፣ ምረጡ» ትላለች። ያኔ የሚመረጠው ጥሩው ቤት ሳይሆን ባዶ አልጋ ያለው ቤት ነው።

ስለዚህ ወላጃችሁ ገና በእግራቸው እየሄዱ ሳለ ሁለት ሦስት ቤት እዩ። ማየት ማስገባት አይደለም። ለማንም መናገር አይጠበቅባችሁም።

የምጽፈው የሠራሁበትን የአሜሪካውን ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ሲኪውሲ የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለየቤቱ የሚሰጠውን ባለ አራት ደረጃ ውጤት ፈልጉ፤ ሕጉና ክፍያው የየአገሩ ቢሆንም፣ ቤቱን ስትጎበኙ የምታዩት ነገር ብዙም አይለያይም።

መጀመሪያ የቤቱን ዓይነት ለዩ። ነርሲንግ ሆም በፌዴራል ሕግ የሚመረመር፣ ሌት ተቀን ነርስ ሊኖርበት የሚገባ ቤት ነው። አሲስትድ ሊቪንግ፣ ለዕለት ኑሮ እገዛ የሚሰጥበት ቤት ማለት ነው፣ የሚተዳደረው ግን በየስቴቱ ሕግ ነው፤ ሳሎኑ የሚያምረውን ያህል ሕክምናው ላይኖር ይችላል። ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ አዳልት ፋሚሊ ሆምን ታውቁታላችሁ። ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ እስከ 6 ሰው፣ በልዩ ፈቃድ እስከ 8 ሰው የሚያዝበት ነው። ከባለቤቶቹ የኛ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንጀራውም ቋንቋውም ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም «ሐበሻ ነው» ብሎ ዓይን ጨፍኖ መግባት የለም። ፈቃዱንና የምርመራ ታሪኩን ከስቴቱ እዩ። ሌሊት እናታችሁ ሲጣሩ ማን እንደሚነሳም ጠይቁ፤ ቀኑን ሙሉ የሠራችው ያችው ሴትዮ ከሆነች አስቡበት።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። መደበኛው ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ነርሲንግ ሆም የሚከፍለው ለማገገሚያ ነው፦ ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ከተኙ በኋላ፣ እስከ 100 ቀን። ሙሉውን የሚሸፍነው ግን የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ብቻ ነው። ሆስፒታሉ «ኦብዘርቬሽን» (ለክትትል ብቻ) ብሎ የመዘገበው ሌሊት ከ3ቱ አይቆጠርም፤ እዚያው ሳላችሁ ጠይቁ። ለዘለቄታው የሚከፍለው ሜዲኬይድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው የመንግሥት መድን ነው። ግሪን ካርድ ካገኙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ወላጆች ደግሞ በአብዛኛው ሜዲኬይድ አያገኙም። ይህን ወላጅ ከማምጣት በፊት ማስላት ይበጃል።

አሁን ወደ ዋናው። የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ «ኬር ኮምፔር» የሚባል ገጽ አለ። እያንዳንዱን ነርሲንግ ሆም ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል። አብዛኛው ሰው አጠቃላይ ኮከቡን አይቶ ይዘጋዋል። እናንተ ውስጡን ክፈቱት። ኮከቡ ከሦስት ነገር የተሠራ ነው፦ ከምርመራ፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከጥራት መለኪያ። የመጨረሻው በአብዛኛው ቤቱ ራሱ ሞልቶ ከሚልከው መረጃ የሚወጣ ስለሆነ እኔ ብዙ አልመካበትም። ምርመራውን ግን ሳይነግሩ የሚመጡ የስቴት ሰዎች ናቸው የሚያደርጉት፤ ከአንዱ ምርመራ እስከሚቀጥለው ከ15 ወር ማለፍ የለበትም። የምርመራው ኮከብ የሚሰጠው ከዚያው ስቴት ቤቶች ጋር ተወዳድሮ ነው። የሜሪላንድን 4 ኮከብ ከቴክሳስ 4 ኮከብ ጋር አታስተያዩ።

ከኮከቡ በላይ የማያቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ከ2022 ጀምሮ በግልጽ ይወጣሉ። አንዱ በዓመት ውስጥ ከመቶ ስንት ሠራተኛ እንደለቀቀ ነው። ሌላው ቅዳሜና እሁድ ለአንድ ሰው ስንት የነርስ ሰዓት እንደሚደርስ ነው። ለምን መሰላችሁ? አንዲት ረዳት ነርስ፣ ሲኤንኤ የምንላት ማለት ነው፣ ሥራ ለመጀመር የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቃት 75 ሰዓት ሥልጠና ብቻ ነው። ሌላውን የምትማረው እዚያው ከሰዎቹ ነው። ዓመት የቆየችው እናታችሁ ቁርስ ሲተዉ «ዛሬ ልክ አይደሉም» ትላለች። ትናንት ከኤጀንሲ የተላከችው ትሪውን አንስታ ትሄዳለች።

የምርመራ ሪፖርቱንም አንብቡት። እያንዳንዱ ጥፋት ከኤ እስከ ኤል ፊደል ይሰጠዋል። ከጂ እስከ አይ ያለው ሰው ተጎድቷል ማለት ነው። ጄ፣ ኬ እና ኤል ደግሞ ለከባድ ጉዳት ወይም ለሞት የሚያጋልጥ አስቸኳይ አደጋ ተገኝቷል ማለት ነው። ጥፋት ያልተገኘበት ቤት ብርቅ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ያልተከደነ ዕቃ ተገኘ የሚለው አያስደንግጣችሁ። አንድ ዓይነት ጥፋት በየምርመራው ሲመላለስ ነው መጠንቀቅ። ከስሙ አጠገብ ቀይ ክብ ውስጥ የእጅ ምልክት ካያችሁ ከሰው ጥቃት ጋር የተያያዘ ጥፋት ተመዝግቦበታል።

ከዚያ ሂዱ። አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ያለ ቀጠሮ። ያለ ቀጠሮው እሁድ በእራት ሰዓት ይሁን። አስጎብኚዋ ሎቢውን፣ ፒያኖውን፣ አበባውን ታሳያችኋለች። አመስግኑና በመጨረሻው ኮሪደር እንዲያሳልፏችሁ ጠይቁ። የሽንት ሽታ አንድ በር ላይ ቢሸታችሁ ምናልባት የአንድ ሰው ዳይፐር እየተቀየረ ነው። ኮሪደሩ ሙሉ ከሸተተ ግን ሠራተኛ አይበቃቸውም። ሽቶ አብዝተው ከረጩበትም ያው ነው።

ከበሮቹ በላይ የመጥሪያ መብራት አለ። አንዱ ሲበራ ሰዓታችሁን እዩና ቁሙ። ሠራተኞች ከበራው መብራት ሥር ቀና ሳይሉ የሚያልፉ ከሆነ ሌላ ምንም ማየት አያስፈልጋችሁም። ክፍል ውስጥ የውሃውን ጆግ ተመልከቱ። ሞልቶ፣ ነገር ግን እጅ ከማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ወረቀቱ ላይ «ውሃ ቀርቧል» ተብሏል። አሮጊቷ ግን አልጠጡም። ጥፍራቸውን፣ የወንዶቹን ጺም፣ መነጽራቸውን አድርገው እንደሆነ እዩ። ምግብ ቤት ውስጥ ረዳቷ ተቀምጣ ነው የምታጎርሰው ወይስ ቆማ፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ሆኖ?

የዕለቱ የነርሶችና የረዳቶች ቁጥር ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት፤ ሕግ ነው። የመጨረሻው የምርመራ ሪፖርትም ሳትለምኑ የምታነቡት ቦታ መኖር አለበት። «ጠፍቷል» ካሏችሁ እሱም መልስ ነው። ረዳቶቹን «ዛሬ ስንት ሰው ደረሰሽ?» በሏቸው። በቀን ሺፍት 8 ወይ 10 ካለች ይቻላል። 15 ካለች ጥሩ ልብ ቢኖራትም ሁሉንም አጥባ አብልታ አትጨርስም። የማታውን ለብቻው ጠይቁ።

እንግዲህ እኛ በምንበዛባቸው ከተሞች የኛ ሰው የሚሠራበት ነርሲንግ ሆም ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ጠይቁ፤ እዚያ ቤት የምትሠራ አትጠፋም። «እናትሽን እዚህ ታስገቢያለሽ?» በሏት። መልሱን ከአፏ በፊት ፊቷ ላይ ታገኙታላችሁ።

ስለ ቋንቋ ሳልናገር አላልፍም፤ በኔ ዓይን ለወላጆቻችን ከወለሉ መንሸራተት እኩል አደጋ ነው። የወሎ እናት አጥንቷ ተሰብሮም «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የምትለው። ነርሷ «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ስትላቸው «ተመስገን» ይላሉ። ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ሌሊት «ሽንቴ መጣ» እያሉ የሚጣሩ ሰው ደግሞ አማርኛ በማይሰማ ሰው መዝገብ ላይ «ተረበሹ፣ ጮኹ» ይባላሉ። ከዚያ ማረጋጊያ መድኃኒት ይታዘዛል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2005 ስለ አንዳንዶቹ ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ የመርሳት ችግር ያለባቸውን አረጋውያን የመሞት አደጋ ይጨምራሉ። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት በተጀመረ ቁጥር ስሙንና ምክንያቱን እንዲነግሯችሁ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ቤት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ በስልክም ይሆናል። በቤተሰብ ማስተርጎም አይበቃም። እናት ለልጇ የማትናገረው ሕመም አለ።

የምግቡንና የመታጠቢያ ውሃውን ነገር ከመግባታቸው በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ከሽንት ቤት በኋላ በውሃ መታጠብ የለመዱ እናት በእርጥብ ወረቀት ብቻ ሲጠረጉ ሰላም አያገኙም፣ ውዱእም ሶላትም ይቀርባቸዋል። ሴት ረዳት ይፈልጉ እንደሆነ ይጻፍ። ሐላል ሥጋ፣ የሁዳዴ ጾም፣ ረመዳን፦ ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሁሉንም ሊይዝ ይችላል፤ እዚያ ያለችው ዳይቲሺያን (የምግብ ባለሙያ) ግን ካልተነገራት አታውቅም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጾሙን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። አደራ፣ ጉርሻውን ቀስ! ለመዋጥ ተቸግረው ፈሳሹ ሁሉ እንዲወፍር የታዘዘላቸው ሰው ቆሎና ድፎ ዳቦ ሊያንቃቸው ይችላል። ከማጉረሳችሁ በፊት ነርሷን ጠይቁ።

ሲያስፈርሟችሁ ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል። አንደኛው ልጅ በግሉ ዕዳውን እንዲከፍል ዋስ የሚያደርግ ወረቀት ነው፤ ይህን ለመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ሕግ ይከለክላል። የእናታችሁን ገንዘብ የምታስተዳድሩ እንጂ ከኪሳችሁ የምትከፍሉ አይደላችሁም። ሁለተኛው ጉዳት ቢደርስ ፍርድ ቤት ላለመሄድ የሚያስማማው የግልግል ወረቀት ነው። አለመፈረም ትችላላችሁ። ፈርማችሁ ከሆነም በ30 ቀን ውስጥ ማንሳት ይቻላል።

ከገቡ በኋላ ሰዓታችሁን እየለዋወጣችሁ ሂዱ። በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ መውጣት አለበት፤ ቅጂውን ጠይቁ። በየጊዜው በሚደረገው የዕቅድ ስብሰባ ላይ ተገኙ፣ በስልክም ቢሆን። በሄዳችሁ ቁጥር ካልሲውን አውልቃችሁ ተረከዙን ነካ ነካ አድርጉ፤ የጀርባውን ታችኛ ክፍል ደግሞ ሲታጠቡ ነርሷ ታሳያችሁ። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። መጽሐፉ «መቅላት» ይላል፤ በኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካገኛችሁ ያን ዕለት ይነገር፣ ይመዝገብ።

ቅሬታ ሲኖር ሰው ዝም ይላል፤ «ማታ እናቴ ላይ ይወጡባታል» ብሎ ነው። መጀመሪያ ለነርሷ፣ ከዚያ ለነርሶቹ ኃላፊ ቀኑን ጽፋችሁ ንገሩ። ካልሆነ በየስቴቱ የነዋሪዎችን ቅሬታ የሚሰማ ኦምቡድስማን አለ። አገልግሎቱ በነጻ ነው፤ ካልፈቀዳችሁም ስማችሁን አያወጣም። ቤቱ ያማረረን ሰው መበቀል አይፈቀድለትም።

ዘመድ እንዴት ይነገረው ለምትሉኝ፦ እኔ ቀድሞ መናገር ይሻላል ባይ ነኝ። ከእናታችሁ ጎን ሆናችሁ በቪዲዮ ደውሉ። ክፍላቸውን፣ መስኮቱን ያሳዩ። ደሴ ሆጤ ያለችው አክስት አንዴ «አብሽሪ» ብላ ከሳቀች ወሬው ያን ያህል አይሄድም።

ወላጁን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ በሠራተኛ የሚያስጠብቅም አለ። እዚህ ኮከብ የሚሰጥ የለም፤ ያው ዓይናችሁ ነው። ስትደውሉ ፊታቸውን ብቻ አትዩ፤ ሠራተኛዋ ካሜራውን ወደ ተረከዛቸው ታዙረው፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ከፍታ ታሳያችሁ። ሰዓቱን አታስለምዱ። አንዲት ሴት ሌት ተቀን አትችልም፣ የማታ ሰው ቅጠሩ። ደሞዟን ደግሞ በአጎት በኩል ሳይሆን ለራሷ ላኩላት፤ መንገድ ላይ በሚቆይ ደሞዝ ምክንያት ሌሊቱን ብቻቸውን ያደሩ ሽማግሌ አውቃለሁ።