አይሻዶን በጣት መቀባት የዓይን ቆብ ብጉንጅ ያመጣል?

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። አይሻዶ የምቀባውም የማዋህደውም በጣቴ ነው፤ በብሩሽ ሞክሬ እንደ ጣቴ አልሆነልኝም። ባለፉት ሦስት ወራት በቀኝ ዓይኔ ቆብ ጠርዝ ላይ ሁለት ጊዜ ብጉንጅ ወጣብኝ። ሰሞኑን ደግሞ የሁለቱም ዓይኖቼ ቆብ ያሳክከኛል፤ ቆዳውም ይላላጣል። ጓደኞቼ «ጣትሽ ያመጣብሽ ነው» ይሉኛል። መተው አለብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ጣትዎን የግድ መተው የለብዎትም፤ ጣትዎ ዓይንዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የት እንደነበረ ግን ልብ ማለት ይኖርብዎታል። ጣት ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሙቀቱ ክሬም የሆነውን ቀለም ያለሰልሳል፣ የሚያብረቀርቀውን ዱቄትም ከቆዳው ጋር ያጣብቀዋል። በተለይ የቀለበት ጣት ጫና የማያበዛ በመሆኑ ለዓይን ቆብ ይስማማል፤ የዚህ ቦታ ቆዳ ከሰውነታችን ቆዳ ሁሉ የሳሳ ስለሆነ ቀለሙን መታ መታ እያደረጉ ማዋሃድ እንጂ መፈተግ አይገባም።

ብጉንጁን በተመለከተ፣ በቆቡ ጠርዝ ላይ ከሽፋሽፍቱ አጠገብ የሚከፈቱ ጥቃቅን የቅባት ዕጢዎች አሉ። የአንዱ አፍ በቀለም፣ በደረቀ ቅባት ወይም በቅርፊት ሲዘጋና ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲገባበት ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነካም ያማል። ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ስለሚኖር፣ አፍንጫን ወይም ስልክን ነክቶ ሳይታጠብ ቆቡን የሚነካ ጣት በቀላሉ ያደርሰዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ምልልሱ ነው፤ ጣቱ ከቆቡ ተነስቶ ወደ ቀለሙ፣ ከቀለሙም ተመልሶ ወደ ቆቡ ሲሄድ የታመመው ዓይን ጀርም በተለይ በክሬሙ ውስጥ ይቀራል፤ ብጉንጁ ድኖ እንደገና የሚመለስበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው።

ስለዚህ እጅዎን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ያህል ታጥበው በንጹሕ ፎጣ ያድርቁ፤ የሚበቃዎትን ያህል ቀለም አንድ ጊዜ በንጹሕ እጅዎ ጀርባ ላይ ያውጡና ከዚያ ይቀቡ፤ ለቀኝና ለግራ ዓይን የተለያየ ጣት ይጠቀሙ፤ ቀለሙም ከሽፋሽፍቱ ሥር ጥቂት ራቅ ብሎ ይቁም። ቀለሙን በምራቅ ማርጠብና ከሌላ ሰው ጋር መዋዋስ ፈጽሞ አይገባም። ብጉንጁ በወጣብዎት ጊዜ ሲጠቀሙበት የነበረውን ክሬም፣ ቢያሳዝንዎትም፣ ይጣሉት። ጓደኞችዎ የሚመክሩት ብሩሽም ለወራት ሳይታጠብ ከቆየ ከታጠበ ጣት የከፋ ነው።

ማሳከኩና መላላጡ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ልቆይበት። የጥፍር ቀለም፣ ይልቁንም ጄል የሚባለው፣ አክሪሌት የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ለእነርሱ አለርጂክ የሆነ ሰው የጣቶቹ ቆዳ ወፍራም በመሆኑ ምንም ሳይሆን፣ በጣቱ አዘውትሮ የሚነካው የዓይን ቆብ ግን ሊቆጣ ይችላል። የጥፍር ቀለም የሚቀቡ ከሆነ የሁለቱም ዓይኖች ቆብ አንድ ላይ መቆጣቱ ይህን ያስጠረጥረኛል፤ ራሱ አይሻዶውም ሊሆን ይችላል። ቆዳው እስኪድን ሁለቱንም ያቁሙ። ማሳከኩን ለማስታገስ ብለው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በዓይንዎ ዙሪያ አይቀቡ፤ አዘውትረው ከተቀቡት የዓይንን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

ብጉንጁ ድጋሚ ከመጣ አያፍርጡት፤ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክረው በተዘጋ ዓይንዎ ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያድርጉ፤ እስኪድንም አይኳሉ፣ አይሻዶም አይቀቡ። አብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። እይታዎ ከደበዘዘ፣ ብርሃን ማየት ካቃተዎት፣ እብጠቱ ዓይንዎን ዙሪያውን ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣብዎት ግን በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።

እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም፣ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለወጣብዎት የቆብዎ ጠርዝ በመሣሪያ ቢታይ ደስ ይለኛል። ሲሄዱ የሚቀቡትን አይሻዶና የጥፍር ቀለምዎን ይዘው ይሂዱ፤ የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ፣ የተጠረጠሩትን ንጥረ ነገሮች በጀርባዎ ላይ ለ48 ሰዓት ለጥፎ በሚደረግ ምርመራ የትኛው እንደማይስማማዎት ይለይልዎታል።