ዊ ላይ ቀዶ ጥገና፦ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ቤተሰብ! ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። «ትራውማ ሴንተር፦ ሰከንድ ኦፒኒየን» እጄ ላይ ካለ ቆይቷል። አትለስ የተባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዊ (ለኔንቴንዶ የጌም ማጫወቻ) ያወጣው፣ ሪሞቱን ይዘህ ቴሌቪዥኑ ላይ በሽተኛ የምታክምበት ጌም ነው። በውስጥ ብዙ ጥያቄ ስለመጣልኝ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ስሰፋ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጌሙ ሁሌ «ባድ» (መጥፎ) ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክንድህን አየር ላይ አትያዘው። ተቀመጥና ክርንህን ጭንህ ላይ አሳርፍ፣ ከዚያ አንጓህን ብቻ አንቀሳቅስ። ስፌቱ ከቁስሉ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ዚግዛግ ይሂድ፣ ግራና ቀኙን በደንብ ይሻገር። ብዙ ሰው ሰዓቱ እየሄደ ነው ብሎ ይጣደፋል፤ ነጥብ የሚበላው ግን ችኮላው ነው። ቫይታሉ (የበሽተኛውን የሕይወት አቅም የሚያሳየው ቁጥር) ሲወርድ መጀመሪያ አረንጓዴውን መድኃኒት ውጋ፣ ከዚያ ወደ ሥራህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ስባሪ መስታወት ሳወጣ በሽተኛው ይጎዳል።

መልስ፦ መቆንጠጫውን ኤ እና ቢን አንድ ላይ ጨምቀህ ነው የምትይዘው። በገባበት አቅጣጫ ቀስ ብለህ ሳብ፣ ወደ ጎን አታወዛውዘው።

ጥያቄ፦ ከሰዓት ላይ ጠቋሚው ይዘላል፣ ሪሞቱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ቴሌቪዥኑ ጋ የሚቀመጠው ዘንግ፣ ሴንሰር ባር የሚባለው፣ ስሙ ነው እንጂ ምንም አያነብም፣ የኢንፍራሬድ መብራት ብቻ ነው የሚያበራው። የሚያየው ሪሞቱ አፍንጫ ላይ ያለው ካሜራ ነው። የእኔ ሳሎን ወደ ምዕራብ ስለሚያይ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ በቀጥታ ይገባና ካሜራውን ያደናግረዋል። መጋረጃ ዝጋ። ባሩ ከተበላሸም ሁለት ሻማ ተራርቀው ቴሌቪዥኑ ፊት ቢበሩ ይሠራል፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። እሳቱ መጋረጃውን እንዳይነካ ብቻ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ አክስቴ ከአሜሪካ ዊ ልታመጣልኝ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ የአሜሪካው አዳፕተር 120 ቮልት ነው፣ የእኛ መብራት 220። ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰካው! ዲስኩም የአሜሪካ መሆን አለበት፣ የአውሮፓውን አይቀበልም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሐኪም መሆን ይፈልጋል፣ ጌሙ ይጠቅመዋል?

መልስ፦ እናቴ፣ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዶክተር ጄምስ ሮሰርና ባልደረቦቻቸው 33 ሐኪሞችን አጥንተው፣ በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ ጌም ይጫወቱ የነበሩት በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚሠራ ቀዶ ጥገና) ልምምድ ላይ 37 በመቶ ያነሰ ስህተት እንደሠሩ ጽፈዋል። ጌሙ ነው ጎበዝ ያደረጋቸው ማለት ግን አይደለም። ደግሞም ጌሙ ላይ በሪሞቱ ኮከብ ስለህ ጊዜን ታዘገያለህ፣ እውነተኛ የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ይጫወት፣ ባዮሎጂውን ግን አይተው።

ጥያቄ፦ ለሁለት መጫወት ይቻላል?

መልስ፦ በዚህኛው አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዚሁ ጌም ተከታይ «ኒው ብለድ» ላይ ግን ይቻላል። እኔና ታናሽ እህቴ ሥራ ተከፋፍለናል፦ እሷ ደሙን ትመጥጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ።