አምፖሉ በታብሌቱ በራ፣ በእጃቸው ግን እምቢ አለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሰሜን ሸዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ 12 ታብሌት ስለተሰጠን ርእሰ መምህሩ «ከእንግዲህ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» ብለው ቤተ ሙከራውን ቆለፉት። ተማሪዎቼ በስክሪኑ ላይ ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል አገናኝተው ሲያበሩ ያጨበጭባሉ። ባለፈው ሳምንት እውነተኛ የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና አምፖል ከቤቴ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ከስምንት ቡድን ያበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ታብሌቱን ልተወው?

መልስ፦ መምህርት ብዬ በአንቱታ ልጀምር ነበር፤ «ጋሼ» ካልሽኝ ግን አንቺ ልበልሽ። ታብሌቱን አትተዪው።

ይህን የምለው ስክሪን ወዳድ ሆኜ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ወደየክፍሉ ሲገባ ጠመኔ ይዘው ጥግ ከቆሙት መምህራን አንዱ ነበርኩ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይመጣል። ለእኛ የተተወልን መግቢያና መዝጊያ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት። ልጅ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱ ይነገራል። መብራት የጠፋ ቀን ደስ ይለኝ እንደነበር አሁን ጡረታ ስለወጣሁ ልናገር። ሥዕሎቹ ግን ግሩም ነበሩ፤ የጎደለን ማስቆሚያው ነበር። አንቺ እጅ ላይ ያለው ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል።

ትዕቢቴን ያበረደልኝ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የፊዚክስ ኖቤልን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የተጋራው ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ «ፌት» የተባለውን የሲሙሌሽን (ሙከራን በስክሪን ላይ አስመስሎ የማሳየት) ሥራ ጀመረ። በ2005 የወጣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኤሌክትሪክ ዑደትን በስክሪን የተማሩትን በእውነተኛ ዕቃ ከተማሩት ጋር አወዳደረ። በስክሪን የተማሩት በፈተናም፣ እውነተኛውን ዑደት በእጅ በመሥራትም በለጡ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምክንያቱ ሲገባኝ ግን ቀላል ነው፦ ስክሪኑ ላይ ኤሌክትሮኖቹ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ፤ እውነተኛ ሽቦ ምንም አያሳይም። እነዚያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናቸውንና አጠገባቸው እየዞረ የሚጠይቅ ሰው እንደነበራቸው ግን አትርሺ።

ታዲያ ያንቺ ስድስት ቡድኖች ለምን አቃታቸው? በመጀመሪያ አምፖሉን አገላብጠሽ እዪው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው የእጅ ባትሪ አምፖል አብዛኛው ኤልኢዲ ነው። ነጩ ኤልኢዲ 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ድንጋይ የሚሰጠው 1.5 ነው። ሁለት ድንጋይ ቀጥለው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ካላስተካከሉ ቀኑን ሙሉ ቢሞክሩ አይበራም። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ሽቦ ከታች ካለችው ነጥብ ላይ አጣብቀውት ይሆናል። አንዱ ነጥቧን፣ ሌላው የጎኑን ብረት መንካት አለበት፤ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በክሩ ውስጥ አያልፍም። በስክሪኑ ላይ ሽቦው ሲጠጋ ራሱ ቦታውን ይዞ ይጣበቃል፤ ልጁ የት እንደሚነካ አስቦ አያውቅም። የሽቦውን ልጣጭ መፋቅማ ከነጭራሹ የለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። መጀመሪያ ድንጋይና ሽቦ ስጪያቸው፤ ይቸገሩ፤ ለምን እንዳልበራ በደብተራቸው ይሣሉ። ከዚያ ታብሌቱን ክፈቺ፤ ኤሌክትሮኖቹ የት እንደተቋረጡ ይፈልጉ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ይመለሱ። ፌትን በይነመረብ ባለበት ቦታ አስቀድመሽ ካወረድሽው ክፍል ውስጥ በይነመረብ ባይኖርም ይሠራል።

በስክሪን ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላም ዝም አትበዪ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀበናና ቴርሞሜትር ይዘሽ ግቢ፤ ልጆቹ መጽሐፉ ተሳስቷል ብለው ሲከራከሩ የአየር ግፊትን ለማስተማር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አታገኚም።

የተቆለፈው ቤተ ሙከራ ነገር የፊዚክስ አይደለም። ርእሰ መምህሩ የሚፈሩት ዕቃ ሲሰበር የሚመጣውን ተጠያቂነት ይመስለኛል። አምፖልና ድንጋይ በአላቂ ዕቃ እንዲመዘገቡ ንብረት ክፍሉን ጠይቂ፤ ቴርሞሜትሩን በስምሽ ፈርመሽ አውጪ። ቁልፉን ከመጠየቅ ይህ ይቀላል።