ድርጅት ወጪውን ችሎሽ ዘጋቢ ፊልም ልትሠሪ ከሆነ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ከቲያትር ትምህርት ወጥተሻል፣ ካሜራ አለሽ፣ ስለ ጎዳና ልጆች ዘጋቢ ፊልም መሥራት ትፈልጊያለሽ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ወጪውን ልቻል ብሎሻል። «ልቀበል ወይ? በዚህ ሥራስ ይኖራል ወይ?» ነው ያልሽው። ስለ ካሜራና ሌንስ ሌሎቹ ብለውልሻል፤ እኔ አልደግመውም።

1. ተቀበይ። ግን ጥሬ ቀረጻው፣ ማለትም ገና ያልተቆረጠው፣ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ሳይጻፍ ካሜራሽን ከቦርሳ እንዳታወጪ። የቅጂ መብት አዋጁ (410/1996) በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪው ነው ይላል። ውልሽ ዝም ካለ ሕጉ ለእነሱ ይናገራል።

2. ለቀረጻ ፈቃድ የምትይዢው የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ቦታውና ቀኑ ተለይቶ ይጻፍ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብቻ ከሆነ ማንም አይመለከተውም። ድሮን ካሰብሽ ሌላ ፈቃድ ነው፣ ሌላ ጣጣ።

3. ሦስተኛው... ኧረ ተዪው፣ ዋናውን ልንገርሽ።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ስቀርጽ ነው። አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ስታርፍ «እስቲ ያን ዕቃ ስጠኝ» አለችና ካሜራዬን ከነእግሩ በአንድ እጇ ብድግ አደረገችው። «ይቺን ተሸክመህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?» ባልንጀሮቿ በሳቅ ሞቱ። ሽሮ ሜዳ ወርዳ ደግሞ ከገዢ ጋር ስትከራከር ባየሻት! ሰውዬው ዋጋ ሲያወርድባት ገመዱን መልሳ አጠበቀችና ጉዞ ጀመረች። ጠርቶ ያለችውን ከፈላት። የኔ ፊልም ያ ነበር።

የድርጅቱ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ አይቶ «ይሄ ለጋሽ አያሳዝንም» አለኝ። ሳቁ ወጣ። ክርክሩ ወጣ። ስለሞተ ልጇ ስታነሳ እንባ የተናነቃት ቦታ ብቻ ቀረ፣ ዋሽንት ተጨመረበት፣ ሦስት ደቂቃ ሆነ። ጥሬውን ስጡኝ ብዬ ስሄድ መጀመሪያ ጥበቃው አቆመኝ፣ ቀጥሎ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ስብሰባው የማያልቅ ነበር። በመጨረሻ ኃላፊው ሲያገኘኝ ከስልኩ ቀና ሳይል «ንብረቱ የድርጅቱ ነው» አለኝ። ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። ሻይ እየጠጣ ነበር።

ሴትዮዋ ቪዲዮውን በሌላ ልጇ ስልክ አይታዋለች። «ለማኝ አደረጋችሁኝ እኮ» ነው ያለችኝ። ቆራጩ እኔ አይደለሁም ብላት ምን ይገባታል? ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የኔ ብቻ እንዳይመስልሽ። ጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየውን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አስቢ። እዚያ ለተራበው ገንዘብ አሰባሰበ። ደርግ ያንኑ ቀረጻ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቆራርጦ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር ለሕዝብ አሳየው። ቀረጻው ያው፣ የያዘው እጅ ሌላ። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ በበኩሉ ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ»ን የሚያከፋፍልለት ቢያጣ፣ አሜሪካ ውስጥ አዳራሽ እየተከራየ ራሱ አሳየው እንጂ ለማንም አሳልፎ አልሰጠም።

ይኖራል ወይ ላልሽው፣ በዚህ ብቻ አይኖርም። እኔ በሰርግ ወራት ሰርግ እቀርጻለሁ፣ አላፍርበትም። ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ «አልያዝኩትም፣ ድገምልኝ» አይባልም፤ እጅሽ ይፈጥናል። በሰርግ ገንዘብ ሴትዮዋን እንደገና ቀረጽኳት፣ ከነሳቋ፣ ከነክርክሯ። የወረዳው አዳራሽ ውስጥ ለራሳቸው ሳሳይ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። አንድም ሰው አልወጣም። መብራቱ እስኪመጣ እሷ ራሷ የቀረውን እየተረከች አሳቀቻቸው። ያንን ማንም አልቆረጠብኝም!

የአንቺዎቹ ደግሞ ልጆች ናቸው። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈቅድ አትቅረጪ። ፊታቸው ለፖስተርና ለገንዘብ ማሰባሰቢያ እንዳይውል፣ የመጨረሻው ቅጂም ካንቺ ፈቃድ ውጪ እንዳይቆረጥ ውሉ ላይ ይግባ። «ይሄ አልተለመደም» ይሉሻል፣ እኔንም ብለውኛል። ዛሬ የማይፈርም ድርጅት ጋር አልሠራም፣ ሥራም አላጣሁም። የኔን ውል ማየት ካማረሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሻለሁ።