ጅማ ላይ ውሃ በ94 ይፈላል

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ቤቴ ስትመጡ በስልክ ያሳያችሁኝ ፎቶ ከዓይኔ አልጠፋም። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ ሸለቆ፤ ትንንሽ ጠማቂዎች ድንኳን ጥለው፣ ሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ) የበዛበትን ቢራቸውን በትንንሽ ብርጭቆ ለሰው ሲያቀምሱ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ በዓል ጅማ ላይ ቢዘጋጅስ?» አላችሁኝ፤ እኔ ደግሞ ስቄ ዝም አልኩ። ዕድሜዬን በቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ የጨረስኩ ሰው ለጥያቄ ሳቅ መመለሴ ስለከነከነኝ ይኸው ብዕር አነሳሁ።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ቢራ ስለጠመቃችሁበት ድስት። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣላችሁን፣ የዶሮ መኖ የመሰለውን ሆፕ መመሪያው እንዳለው 60 ደቂቃ አፈላችሁት። ቢራው ግን ጣፈጠ እንጂ አልመረረም። «ሆፑ አሮጌ ነው» አላችሁ። አሸተትኩት፤ አሮጌ ሆፕ የከረመ አይብ፣ ያልታጠበ ካልሲ ነው የሚሸተው፣ የእናንተው ደህና ነበር። ከዚያ እየተንፈቀፈቀ ያለው ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ከተትን። 94። አንዳችሁ «ተበላሽቷል» ብሎ አራገፈው። ደግመን ከተትነው፣ አሁንም 94።

ቴርሞሜትሩ ልክ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል። ሆፕ ውስጥ ያለው አልፋ አሲድ ደግሞ እንዳለ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ ብዙም አይመርም። ሲፈላ ነው ቅርጹን ለውጦ ኢሶ አልፋ አሲድ የሚሆነውና ምላስ የሚይዘው። ስድስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ሥራውን ግን ክፉኛ ታዘገየዋለች። መመሪያውን የጻፈው ሰው ባሕር ዳርቻ ይኖር ይሆናል። እናንተ ወይ ረዘም አድርጋችሁ አፍሉ፣ ወይ ሆፑን ጨምሩ።

በእናንተ የምስቅ አይምሰላችሁ። ወጣት ሳለሁ ሞቃት መጋዘን ውስጥ የከረመ ሆፕ፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ብቻ አይቼ «ይግባ» ብዬ ፈርሜያለሁ። አለቃዬ አልተቆጡኝም። ከታንኩ ቀድተው ብርጭቆውን አፍንጫዬ ሥር ያዙልኝ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሳላሸት የፈረምኩት ነገር የለም።

መዓዛውስ? እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ምሬት እሳት ይፈልጋል፣ መዓዛ እሳት ይሸሻል። የቡና አገር ልጆች ስለሆናችሁ ይህን ለማስረዳት አልደክምም፤ ሲቆላ ቤቱን ያወደው ሽታ ሲኒው ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ጠማቂዎች ከሆፑ ግማሹን መጀመሪያ ለምሬት፣ ግማሹን እሳቱ ሊጠፋ ሲል ወይም ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ ለሽታ ይጨምራሉ። ያ የወደዳችሁት የብርቱካን ልጣጭ ሽታ የሚመጣው ከዚሁ ከኋለኛው ነው።

ወደ በዓሉ ልመለስ። አሜሪካ የምታመርተው ሆፕ አብዛኛው ከያኪማ ሸለቆ ይወጣል። አዝመራው የሚነሳው በነሐሴና በመስከረም ነው። እርጥብ ሆፕ ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ አያድርም፤ ጠዋት የተለቀመውን በዚያው ቀን ድስት ውስጥ መክተት ነው። ይህን የሚችለው የማሳው ጎረቤት ነው፤ ድንኳኑም የተተከለው ለዚህ ነው። ደግሞ በአንድ ጀንበር አልመጣም። ካስኬድ የተባለው የሆፕ ዝርያ ለገበሬ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ያኔ ትንሽ የነበረው የአሜሪካ ቢራ ጠማቂ ሴራ ኔቫዳ በዚያ ሆፕ ፔል ኤል የተባለውን የቢራ ዓይነት መጥመቅ የጀመረው በ1980። ዝርያው ቀደመ፣ ቢራው ተከተለ፣ ድንኳኑ መጨረሻ መጣ።

እኛ ዘንድ ሆፕ እንትከል ብትሉ ቀኑ አይበቃውም። ሆፕ በደንብ አድጎ ብዙ አበባ ለመስጠት የበጋ ረጅም ቀን የለመደ ተክል ነው፤ ያኪማ በሰኔ 16 ሰዓት ገደማ ብርሃን ያገኛል፣ እኛ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነን። ፋብሪካዎቻችንም ብቅሉን ከአሰላ ቢያገኙ ሆፑን ከውጭ ያስመጣሉ።

ሂርማታ ገበያ ግን ጌሾ አለ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ «ጌሾ የእኛ ሆፕ ነው» የሚለውን ወሬ እኔም ሰልችቶኛል። ዘሩም፣ የሚያመርረው ነገርም ለየቅል ነው። ሆፕ አበባው፣ ጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ። ሆፕ ይፈላል፤ ጌሾ ለጥንስስ ይዘፈዘፋል። ላቦራቶሪ የቢራን ምሬት የምንለካበት መሣሪያ 275 ናኖሜትር በሆነ የብርሃን ሞገድ ላይ የሚያነበው ለሆፕ አሲድ የተቀመረ ነው፤ ጌሾ ላይ ቢያውሉት ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩ ግን አይታመንም። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን የሚለኩት በምላስ ነው፤ ለእናንተም ለጊዜው ያለው መለኪያ ይኸው ነው። ሦስት እንስራ በወይራ እጠኑ፤ አንዱ ላይ ቅጠል ብቻ፣ አንዱ ላይ እንጨት ብቻ፣ አንዱ ላይ ሁለቱንም። ብቅሉ አንድ ዓይነት ይሁን። በየቀኑ እየቀመሳችሁ ጻፉ። ቀምሶ መትፋትን ደግሞ ከቡና ቀማሾች ተማሩ፣ እዚህ ከተማ ሞልተዋል፤ የሚውጥ ቀማሽ ከአራተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉንም ያመሰግናል።

ከተማዋንም አትርሱ። ግማሹ ጎረቤታችሁ አልኮል አይቀምስም። በጅማ ሠርግና በዓል ቀሪቦ የሚቀርበው በዋዛ አይደለም፤ ከተቆላ ገብስ በወጉ የተሠራ ቀሪቦ ካልቀረበ በዓሉ የከተማዋ አይሆንም። ሕጉንም እወቁ፦ በአዋጅ 1112/2011 አልኮልን በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅም፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ክልክል ነው።

ሐሙስ ከገበያ መልስ ጌሾውን ይዛችሁ ኑ። ድስቱንም አምጡ፣ የሆፑን ቢራ ደግመን እናፈላዋለን። ክዳኑን ግን ቤት ተዉት፤ ባለፈው ከድናችሁ ስላፈላችሁት ነው ቢራው የተቀቀለ በቆሎ የሸተተው፣ ያን ቀን ሳልነግራችሁ ቀረሁ።