መዝሙር 108ን ልዝለለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በየዕለቱ ዳዊት እደግማለሁ። ሐሙስ መዝሙር 108 ላይ ስደርስ ግን «ልጆቹም ድሀ አደግ ይሁኑ፥ ሚስቱም መበለት ትሁን» የሚለው አፌ ላይ ይከብደኛል። ጌታ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» ብሎ የለ? ደግሞ በውርስ መሬት የበደለን አጎት አለኝ፤ ጎረቤቴ «ስሙን ጠርተሽ ይህንኑ ድገሚበት» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ መክበዱ ደግ ነው። እኔን የሚያስጨንቁኝ ሳይከብዳቸው የሚደግሙት ናቸው። መዝሙሩን አትዝለዪው፤ የአጎትሽን ስም ግን አታስገቢበት።

ዳዊት ሰይፍ አጥቶ አይደለም እንዲህ የጸለየው። ሊገድለው ያሳድደው የነበረው ንጉሥ ሳኦል በዓይንጋዲ ዋሻ እጁ ላይ ወድቆለት ነበር። የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ለዚያችም ልቡ በኀዘን ተመታ። ምሬቱን ለእግዚአብሔር ይነግራል፣ እጁን ግን ይሰበስባል።

ደግሞ ከርግማኑ አልፈሽ ቁጥር 16ን አንብቢ። ያ ሰው ለምን ተረገመ? ምሕረት ማድረግን አላሰበም፣ ምስኪኑን አሳደደ። ቀጥሎም መርገምን ስለ ወደደ ወደ እርሱ መጣችበት ይላል። ታዲያ አንቺ በዚሁ መዝሙር በአጎትሽ ልጆች ላይ ምሕረትን ብትከለክዪ፣ ቃሉ የሚያገኘው ማንን ነው? ልጆቹማ በመሬቱ ጉዳይ የሉበትም፤ ሕዝቅኤል 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል።

ቅዱስ ጴጥሮስ ከዚህ መዝሙር «ሹመቱን ሌላ ይውሰድ» የሚለውን ስለ ይሁዳ ጠቅሶታል (ሐዋ. 1፥20)፤ አባቶችም በይሁዳ ተርጉመውታል። ይህ ሁሉ የሚደርስበትን ይሁዳን ጌታ በዚያች ሐሙስ ማታ ምን አደረገው? እግሩን አጠበው፤ ቁራሽም አጠቀሰና ሰጠው። ያዕቆብና ዮሐንስ ጌታን ባልተቀበሉት ሰዎች ላይ እንደ ኤልያስ እሳት እናውርድ ባሉ ጊዜ ግን የገሠጸው እነርሱን ነው። ስለዚህ ስትደግሚው ጠላት ሲል ሰይጣንን አስቢ፤ በራስሽ ልብ የተቀመጠውንም ቂም።

መሬቱን ተዪው አላልኩሽም። ሽማግሌ ላኪበት፤ እምቢ ካለ ሰነድሽን ይዘሽ ፍርድ ቤት ሂጂ። ስሙን መጥራት ካስፈለገሽ ደግሞ የክርስትና ስሙን ጠይቀሽ፣ ልብ እንዲሰጠው ጸልዪለት። ይህ ቢያቅትሽ፣ እንዳቃተሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።