ሠላሳውን ፋይል ትተሽ ወዴት?

«በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ጋር መረጃ አስገባለሁ፤ ደመወዙ ትንሽ ነው። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከዩቲዩብ ስማር ቆየሁ። ፋይል ማንበብ የሚለው ላይ ስደርስ ግን ሰለቸኝ። አማርኛው የማይነበብ ምልክት ይሆንብኛል፣ ቁጥሩም አይደመርልኝም። ዱባይ ያለው ወንድሜ 45,000 ብር ልላክልሽና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ ውሰጂ ይላል። እናቴ ኮምፒውተሩን ተይውና ባንክ ተወዳደሪ ትላለች። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ላፕቶፔም አሮጌ ነው። በየወሩ መጨረሻ የ30 ቀን የሽያጭ ፋይል እየከፈትኩ በእጄ ስደምር ሁለት ቀን ስለሚፈጅብኝ የማጥናት ጊዜም የለኝም። ይህን ክፍል ልዝለለው? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጨረሻ ላይ እንደ ዘበት ጣል ያደረግሻት ነገር ናት የያዘችኝ። ጊዜ የለኝም ያልሽው በእጅሽ የምትደምሪያቸው ፋይሎች ስላሉ ነው። ልትዘይው የፈለግሽው ትምህርት ደግሞ እነዚያኑ ፋይሎች እንዴት እንደሚደመሩ የሚያስተምር ነው። መፍትሔው ያለበትን ክፍል ነው የምትዘይው። አትዝለይው።

እኔም ሥራ የጀመርኩት እንደ አንቺ መረጃ በማስገባት ነው። አንድ ቀን ብዙ ሺህ ስም ያለበት ዝርዝር ተሰጠኝና ሁለት ጊዜ የተመዘገቡትን አውጪ ተባልኩ። ወረቀት ላይ አትሜ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ሳምንት ለቀምኩ። «ኃይሉ» የሚለው ስም ብቻ «ሀይሉ»፣ «ሃይሉ»፣ «ሐይሉ» እየተባለ ተጽፏል። ዓይኔ ደከመ፣ ሥራው ግን አላለቀም። ጎኔ የሚቀመጥ ልጅ አይቶ አዘነልኝና ከሰዓት ላይ አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ሀን፣ ሐን እና ኀን ወደ አንድ፣ ሠን እና ሰን ወደ አንድ፣ አን እና ዐን ወደ አንድ፣ ጸን እና ፀን ወደ አንድ ያመጣል። ከዚያ ስሞቹን ያወዳድራል። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ አልቆ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁት ዕድገት ሁሉ የመጣው ሌላው ሰው በእጁ የሚለቅመውን ፋይል ማንበብ በመቻሌ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

አሁን ወደ ችግሮችሽ ልግባ። ያልገባሽ ስለሰነፍሽ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ያሉት አስተማሪዎች የሚጠቀሙት ፋይል በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ንጹሕ ፋይል ነው። ያንቺ እንደዚያ አይደለም።

መጀመሪያ አማርኛው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ሠንጠረዥ ዩኒኮድ ይባላል፤ ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዛሬ በብዛት የሚቀመጠው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት (የኮምፒውተር ትንሽ የማስቀመጫ ቦታ) ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። አንቺ አጻጻፉን ሳትነግሪው ከከፈትሽ ዊንዶውስ ላይ ያለው ፓይተን ብዙ ጊዜ በአሮጌው የአውሮፓ ሠንጠረዥ ነው የሚያነበው። እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። «ቡና» ሁለት ፊደል መሆኑ ቀርቶ ስድስት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። «ም» ያለበት ቃል ሲያጋጥመው ደግሞ ጭራሽ ኤረር ብሎ ይቆማል፤ ከ«ም» ባይቶች አንዱ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውምና። ስለዚህ ኦፕን (open) በሚባለው ትእዛዝ ፋይል ስትከፍቺ ሁልጊዜ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም አጻጻፉ፣ ዩቲኤፍ-8 ነው ብለሽ ጻፊ። ፋይሉ ከኤክሴል ወጥቶ የመጀመሪያው ዓምድ ስም ፊት ላይ የማታውቂው ምልክት ከተለጠፈ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በይው፤ ይጠፋል።

ቀጥሎ ቁጥሩ። ከጽሑፍ ፋይል የሚነበብ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ 120ም ቢሆን። ጽሑፉን 120 ከጽሑፉ 30 ጋር ደምሪ ብትይው 150 አይሰጥሽም፣ 12030 ብሎ ይገጣጥመዋል። ፍሎት (float) በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር መለወጥ አለብሽ። እዚያም ላይ ወጥመድ አለ። የሽያጭ ፋይልሽ «1,250.00» ብሎ ከጻፈ ፍሎት በኮማው ምክንያት እምቢ ይላል። ኮማውን አጥፊና ከዚያ ለውጪ። እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ደግሞ ዓይን የማያየው የመስመር መስበሪያ አለ። ሁለት ስም ፍጹም አንድ መስለውሽ ኮምፒውተሩ ይለያያሉ ካለሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዚህ መስበሪያ ነው፤ ስትሪፕ (strip) በሚባለው ትእዛዝ ይወገዳል። መስመሩንም በኮማ ራስሽ አትቁረጪው፤ ያ የቁጥሩ ኮማ ዓምዱን ያዛባብሻል። ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበትን ፋይል የሚያነብ ሲኤስቪ (csv) የሚባል ሞጁል፣ ማለትም ዝግጁ መሣሪያ፣ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፤ በጥቅስ ውስጥ ያለውን ኮማ ለይቶ ያውቃል።

ሦስተኛውን አልጻፍሽልኝም፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከተመዘገበ የፓይተን የቀን መሣሪያ አያውቀውም። ጳጉሜን ላይ ስትደርሺ «13ኛ ወር የለም» ብሎ ይቆምብሻል። ጥቅምት 30 ላይም እንደዚሁ፤ 2ኛው ወር ለሱ ፌብሩዋሪ ስለሆነ 30 ቀን የለውም። ለጊዜው ቀኑን እንደ ጽሑፍ ተይውና ቀን፣ ወርና ዓመቱን ቆርጠሽ ለየብቻ ያዢ። ለወር ድምር ይበቃሻል።

እንዴት ትጀምሪ? 30ውን በአንድ ጊዜ አትንኪ። አንዱን ቀን ብቻ ውሰጂ፣ ለዚያውም ኮፒውን። ይህን ኮፒ የሚለውን ቃል አደራ። እኔ አንድ ጊዜ ለማንበብ የፈለግኩትን ፋይል ተሳስቼ በመጻፊያው ሁነታ፣ በ«ደብሊው» ከፈትኩት። ፋይሉ ሲከፈት ወዲያው ባዶ ሆነ። ኮፒ አልነበረኝም፣ የሁለት ቀን ሥራ እንደገና ጻፍኩ። አንቺ ኮፒውን ክፈቺ፣ አንድን ሥራ እየደጋገመ በሚሠራው ትእዛዝ፣ በፎር ሉፕ፣ መስመር በመስመር እያነበብሽ አሳትሚ። ሲታይሽ የብሩን ዓምድ ብቻ አውጪ። ከዚያ ደምሪ። ድምሩን በእጅሽ ከደመርሽው ጋር አስተያዪ። ሲገጥም ብቻ ወደ ሁለተኛው ቀን ፋይል ሂጂ፤ ከዚያ በኋላ 30ውን ማዞር ሌላ አንድ ሉፕ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ብትሰጪው በአንድ ወር የምትጨርሺው ይመስለኛል። ለአሠሪሽም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የደንበኛ ስምና ዕዳ ያለበት ፋይል ከቢሮ ኮምፒውተር አይውጣ፤ ቤት የምትለማመጂ ከሆነ ስሙን በሐሰት ስም ተኪው።

ወንድምሽን በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ፦ ገንዘቡን አትቀበዪ። ክፉ አላሰበም፤ እህቱ ከሱ የተሻለ እንድትኖር ይፈልጋል። ግን 45,000 ብር በዱባይ ፀሐይ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ አንድ ፋይል በትክክል ከፍታ መደመር ላልጀመረች ልጅ ኮርስ መግዣ መሆን የለበትም። እዚያ ኮርስ ውስጥ የሚጠብቅሽ የመጀመሪያ ነገር ምን ይመስልሻል? መረጃ ያለበት ፋይል ነው። ክፈቺ፣ አጽጂ፣ ቁጥሩን ለይ ነው የምትባዪው። አሁን የሸሸሽውን እዚያ ከፍለሽ ታገኚዋለሽ። ቤተሰብ ከሩቅ ሆኖ የኮርስ ስም ሲሰማ ይደነቃል፤ ማታ ኮምፒውተሩ ፊት የምትቀመጪው ግን አንቺ ነሽ። ሰርተፊኬት ካማረሽ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም አለ። ነፃ ነው፣ የዳታ ሳይንስም የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስም መግቢያ አለው። ወንድምሽ ካልረዳሁሽ ካለ የላፕቶፕሽን ባትሪ ይቀይርልሽ፤ መብራት ሲሄድ እንዳትቋረጪ።

ላፕቶፑ አሮጌ መሆኑ ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም። ፓይተን መስመር በመስመር ሲያነብ ሙሉውን ፋይል የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ላይ አይጭንም። አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም፤ ያንቺ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ከዚያ የረዘመ ፋይል በትዕግሥት ያነባል። አንዴ ከጫንሽው ኢንተርኔትም አይፈልግም።

እንግሊዝኛሽን የኤረር መልእክት እያነበብሽ አሻሽዪው። የመጨረሻውን መስመር መጀመሪያ አንብቢ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

እናትሽ ባንክ ያሉት ከስጋት ነው፣ አልፈርድባቸውም። ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገቢ፣ ተፈተኚ። እኔ ግን ብሆን አሁን ያለሁበትን ቶሎ አልለቅም። ባንክ ስትገቢ የሚሰጡሽ ተዘጋጅቶ ያለቀ ሲስተም ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ፋይሉን አምጡ ልሞክረው ብትል የሚሰማት የለም። ደሴ ያለው ቢሮሽ ትንሽ ነው፣ ደመወዙም ትንሽ ነው፣ ግን ፋይሉ ያለው እጅሽ ላይ ነው። የሁለት ቀኑን ሥራ በአምስት ደቂቃ ጨርሰሽ ባሳየሻቸው ቀን ስለ ደመወዝ መነጋገር ትችያለሽ። እነሱ እንኳ ባይጨምሩ ለሚቀጥለው ቀጣሪ የምታሳዪው ሥራ ይኖርሻል።

የመጀመሪያው ቀን ፋይል ድምር በእጅ ከሠራሽው ጋር አልገጥም ካለሽ ኮዱንና ስሞቹን የቀየርሽበትን አሥር መስመር ላኪልኝ። የትኛው መስመር ላይ እንደተለያየ አብረን እናየዋለን።